ቆዳችሁን ይዛችሁ ኑ

ታክሲ ውስጥ «ወራጅ አለ» ማለት የሚያቅተው ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? ካላያችሁ ይኸው አለሁላችሁ። ቤታችን ከዓለም ገና ወደ ሰበታ ሲኬድ መንገድ ዳር ነው። ታክሲው በበራችን ያልፋል። የእማዬን የልብስ ገመድ በመስኮት አየዋለሁ፤ የተሰጣው ቀሚሴ በነፋስ ሲወዛወዝ ደህና ሁኚ የሚለኝ ይመስላል። ቃሏ ግን ጉሮሮዬ ላይ ቁጭ ትላለች። ሌላ ወራጅ ካለ በእሱ አፍ እወርዳለሁ። ከሌለ ሰበታ መናኸሪያ ድረስ ነው። መናኸሪያ ደስ የሚል ቦታ ነው፤ ሁሉም ሰው ስለሚወርድ ማንም «ወራጅ» ማለት አይጠበቅበትም። ከዚያ በእግሬ እመለሳለሁ።

«ዛሬም በእግርሽ?» ትለኛለች እማዬ።

«ለጤና ነው» እላታለሁ። በሰፈራችን እንደኔ ለጤናው የሚጨነቅ ሰው የለም።

እንዲህ ያለችው ልጅ እንዴት አድርጋ፣ አዲስ አበባ ወደ ዙሪያዋ የገበሬ መሬት ትሰፋለች በተባለበት በማስተር ፕላኑ ሰሞን፣ ሁለት ሰው አብሮ ሲቆም በሚያስፈራበት ጊዜ፣ የሰፈሩን ሕዝብ አንድ ሱቅ ደጃፍ ላይ እንደሰበሰበች ልንገራችሁ። አሁንም ሳስበው እደነግጣለሁ። ደስታው ግን ይበልጣል።

ነገሩ የተጀመረው ከሳሙና ነው። ከሳሙና ልብስ ብል ይሻላል፤ እኔ ማሸጊያን እንዲያ ነው የምጠራው። የተማርኩት ኬሚስትሪ ነው። ከተመረቅሁ በኋላ ሥራ ሳላገኝ ብዙ ስለቆየሁ፣ እቤት ውስጥ ያለ ጽሑፍ ሁሉ አንብቤ ጨርሼ ነበር። የቀረኝ የፈሳሽ ሳሙናው ጠርሙስ ጀርባ ነበር። እሱንም አንድ ቀን ዕቃ ሳጥብ አነበብኩት። አብዛኛው ውሃ ነው!

«እማዬ!» ብዬ ጮህኩ። እቤት ውስጥ መጮህ እችላለሁ። «እማዬ፣ ውሃ! ውሃ ነው እኮ!»

እማዬ ከጓዳ ሁለት ባልዲ ይዛ እየሮጠች ወጣች፤ ቧንቧው የመጣ መስሏት ነው።

ቧንቧው አለመምጣቱን ካወቀች በኋላ ልታዳምጠኝ ትዕግሥት አልነበራትም፤ ስለዚህ ለእናንተ ልንገራችሁ። ይኼ የምንጭ አገር ነው። የኛኑ ዓይነት ውሃ አዲስ አበባ ላይ ትንሽ ሳሙና ነክቶት፣ ጠንካራ ፕላስቲክ ለብሶ፣ ክዳን ደፍቶ፣ አንገቱን በላስቲክ ተጠምጥሞ፣ በመኪና ተጭኖ ወደ እኛ ይመጣል። እኛ ልብሱን እንገዛለን፤ ውሃውን እንደፋለን፤ ልብሱን ቦይ ውስጥ እንጥላለን። የዱቄቷ ሳሙና ደግሞ ባሰች። አንድ እፍኝ ዱቄት ለአንድ እጥበት ብላ የምታብረቀርቅ ላስቲክ ለብሳ ትመጣለች። እፍኟ ከሰዓት በፊት ታልቃለች፤ ላስቲኳ የልጅ ልጆቼን ትቀብራለች። ባለፈው ክረምት በራችን ላይ ያለው ቦይ በእነዚህ ላስቲኮች ተደፍኖ ጎርፉ ሳሎን ገባ። ሶፋችን ሥር ተሰልፈው ሲንሳፈፉ በዓይኔ አይቻለሁ። ቤታችንን ያቆሸሸው እንግዲህ የጽዳት ዕቃ ነው ማለት ነው።

መፍትሔው ወለል ብሎ ታየኝ። ሳሙናውን እዚሁ እበጥብጠው፣ በርሜል ውስጥ ላስቀምጠው፣ በርሜሉ ላይ ቧንቧ ልግጠም፣ ሰው ከቤቱ ባዶ ዕቃ ይዞ መጥቶ ያስቀዳ! ልብስ የለም፣ ክዳን የለም፣ ቦይ አይደፈንም! ደስታው እንቅልፍ ነሳኝ። ከመርካቶ አንድ ጀሪካን የሳሙና መሥሪያ ውሕድ ጭኜ ለማምጣት ስሄድ እንኳ እየሮጥኩ ነበር፤ ስመለስ እርግጥ ነው መናኸሪያ ወረድኩና ጀሪካኑን ተሸክሜ በእግሬ መጣሁ።

እማዬ በማሸጊያ ጉዳይ ከኔ የተለየ አቋም አላት። እኔ ማሸጊያ እንዲቀር ነው የምፈልገው፤ እሷ እንዲቀመጥላት ነው። በሕይወቷ ባዶ ዕቃ ጥላ አታውቅም። «ይጠቅማል» ትልና አልጋ ሥር ትልከዋለች። የቤት ኪራይ ንሮብን ከአዲስ አበባ ወደዚህ ስንመጣ ዕቃችንን ከጫነው መኪና ግማሹ ባዶ ጠርሙስና ቆርቆሮ ነበር። በቤታችን ውስጥ ምንም ነገር ላዩ ላይ የተጻፈውን ሆኖ አያውቅም። የወተት ዱቄት ቆርቆሮ ብትከፍቱ መርፌና ክር ነው። ሚስማር ብላችሁ ብትከፍቱ አብሽ ነው።

የመጀመሪያውን ሳሙናዬን ታዲያ የቀዳሁት በምንድን ነው? በዘይት ጠርሙስ። የገና ጾም ነበር። እማዬ ሽሮ ልትሠራ ሽንኩርቱን አቁላላችና ከጠርሙሱ ቸለስ አደረገች። ሽሮው አረፋ እየደፈቀ፣ ክዳኑን እየገፋ፣ ምድጃው ላይ ተትረፈረፈ። እማዬ ራቅ ብላ አማተበች።

«የምጾመው ልነጻ ነው» አለች፤ «ግን እስከዚህ አላልኩም።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሕግ ወጣ፤ ሳሙና የገባበት ዕቃ ሁሉ አንገቱ ላይ ቀይ ክር ይታሰርበታል። ክሩን ከአሮጌ ሹራቤ ተረተርኩት። ይህችን ቀይ ክር አደራ አትርሷት፤ ስለሷ ፖሊስም ጠይቆኛል።

ቀጥሎ ሱቅ ማግኘት ነበረብኝ። ከቤታችን ፊት ለፊት የሐጂ ኑሪ ሱቅ አለ። ሐጂ የስልጤ ሰው ናቸው። በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ በሦስት ቋንቋ ይነግዳሉ፤ ትርፉን የሚያስቡት በየትኛው እንደሆነ ግን ማንም አያውቅም። «ሐጂ፣ በርዎ ላይ በርሜል ላስቀምጥ» ለማለት ሄድኩ። ሲያዩኝ ቃሉ ጠፋኝና ጨው ገዝቼ ተመለስኩ። በማግስቱም ሄጄ ጨው ገዛሁ። በሦስተኛው ቀን ሐጂ ጨዉን እየሰፈሩ ቀና አሉና፣

«ልጄ፣ እናትሽ ከብት ማርባት ጀመረች እንዴ?» አሉኝ።

ሳቄ መጣና በሳቁ መሀል ሁሉንም ነገር ዘረገፍኩት፤ ውሃውን፣ ልብሱን፣ ቦዩን፣ በርሜሉን። ሐጂ ጢማቸውን እየነኩ ሰሙኝ።

«በርሜልሽን አምጪ» አሉ። «እስከ ቅዳሜ ሰው ከመጣልሽ ይቆያል። ካልመጣ ታነሺዋለሽ። ግን ስሚኝ፤ ጊዜውን ታያለሽ። ደጄ ላይ ግርግር ያየሁ ዕለት በርሜሉ በዚያው ቀን ይወጣል።»

ሰው ይምጣ፣ ግርግር አይምጣ። በልቤ «ልክ ነዎት» አልኩ።

እቤት ስገባ እማዬም የራሷ ቅዳሜ ነበራት። አዲስ አበባ ያለችው አክስቴ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ሥራ አግኝታልኝ ኖሯል። ምን ሥራ? እንግዳ ተቀባይ! ከመስታወት ኋላ ተቀምጦ ቀኑን ሙሉ ለማያውቁት ሰው በማይክሮፎን መናገር! «ቅዳሜ ድረስ በርሜሉ ካልያዘልሽ ሰኞ አክስትሽ ጋ ትሄጃለሽ» አለችኝ። በርሜሉ እንዲይዝ ያለኝን ጸሎት በሙሉ ወደ ላይ ላክሁ።

የመለሰልኝ ግን መንገዱ ነው። ያን ሰሞን የጅማ መንገድ አንድ ቀን ይከፈታል፣ ሌላ ቀን ይዘጋል። ዓለም ገና ላይ ድንጋይ ተደረደረ ሲባል ወዲያው በየሱቁ አንዱ መዝጊያ ይዘጋል፤ ሌላው ለጥንቃቄ ገርበብ ብሎ ይቀራል። ኢንተርኔት ጠፍቷል። ስለ ማስተር ፕላኑ ጮክ ብሎ የሚያወራ አልነበረም፤ ዝቅ ብሎ የማያወራም አልነበረም። ከጀርባችን የሚያርሱት ጎረቤታችን ኦቦ ገመቹ፣ እርሻቸው ዳር ሜትር የያዙ ሰዎች ከታዩ ወዲህ ማታ ማታ ውሻቸውን ሳይሆን ራሳቸውን ነበር ደጅ የሚያሳድሩት። ቀልዳቸው ግን አልጠፋም ነበር። «በፕላኑ ላይ የኔ ጎመን መስክ አስፋልት ነው አሉ» ይሉ ነበር፤ «ጎመኑ ግን ገና አልተነገረውም፣ እየበቀለ ነው።»

መንገዱ ሲዘጋ የሳሙና መኪና መምጣት አቆመ። በገና ማግስት የሐጂ የሳሙና መደርደሪያ ባዶ ሆነ። የኔ በርሜል ግን እስከ አፉ ሙሉ ነው! ውሃው እዚሁ፣ ሳሙናው እዚሁ! ደስታዬን አምቄ በርሜሉ አጠገብ ቆምኩ። ሰው መጣም። ግን ባዶ እጁን መጣ።

«በምን ልውሰደው? በመዳፌ?» አለችኝ አንዷ።

«ዕቃ ይዛችሁ ብትመጡ...» አልኩ፤ ድምፄን ከራሴና ከበርሜሉ በቀር የሰማው አልነበረም።

ሐጂ ከውስጥ «ኧረ ጩኺ! ንገሪያቸው! ሰፈር ለሰፈር ዙሪ!» አሉ።

እንግዲህ ይታያችሁ። ማይክሮፎኑን አሰብኩ፤ ሰኞን አሰብኩ። ከማይክሮፎኑ ሰፈሩ ይሻላል ብዬ ወሰንኩ። ግን በምን ቋንቋ? ከጀርባችን ያሉት ጎረቤቶች የሚበዙት ኦሮምኛ ተናጋሪ ናቸው። የኔ ኦሮምኛ ሰላምታ ላይ ጎበዝ ነው፤ «አካም ቡልተን» ብዬ እጀምራለሁ፤ ከዚያ በኋላ ያለው ፈገግታ ነው። ስለዚህ የኦቦ ገመቹ ባለቤት አደ ጫልቱ ዘንድ ሄጄ፣ ሳሙና የሚቀዳበት ዕቃ በኦሮምኛ ምን እንደሚባል ጠየቅኋቸው።

«ቆዳኣ» አሉኝ።

«ቆዳ?»

«አዎ፣ ቆዳኣ፣ ኢንታለ ኮ» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው።

ምን ያለ ቀላል ቃል ነው! በአማርኛም ያለ ነው፣ አይረሳም! ሽንት ቤት ገብቼ በሩን ዘግቼ ተለማመድኩ። ከዚያ ወጣሁና ዓይኔን መሬት ላይ ተክዬ፣ በቀጭኑ፣

«ቆዳ... ቆዳ ይዛችሁ ኑ...» እያልኩ በየአጥሩ ሥር መሄድ ጀመርኩ።

አሁን እናንተ ቀደም ብላችሁ ገብቷችኋል። እኔ አልገባኝም። የገና ማግስት ነው፤ በየቤቱ በግ ታርዷል። ሌላ ጊዜ በበዓል ማለዳ በየመንደሩ «ቆዳ! ቆዳ ያለው!» እያሉ የሚዞሩት የቆዳ ነጋዴዎች መንገዱ ተዘግቶ አልመጡም። ቆዳው በየግቢው ተጠቅልሎ መሽተት ጀምሯል። ሴቱ ሁሉ የቆዳ ነጋዴ ድምፅ ይናፍቃል።

የመጀመሪያው በር ተበረገደ። «ቆዳ ነው ያልሽው? እሰይ! እሰይ!» ብለው አንዲት እናት እርጥብ የበግ ቆዳ ትከሻዬ ላይ ጣል አደረጉልኝ።

«አይ፣ እኔ እኮ ሳሙና...»

«ሳሙናም ከሆነ እንቀበላለን፤ ብቻ ይሄን ከቤቴ አውጪልኝ!»

ሁለተኛው በር፣ ሦስተኛው በር ተከፈተ። አንዱ በአጥር ላይ ወረወረልኝ። «አይሆንም» ማለት «ወራጅ አለ» ከማለት ይከብዳል፤ ስለዚህ ሁሉንም «እሺ፣ እሺ» እያልኩ ተቀበልኩ። መጨረሻ ላይ መሸከም አቅቶኝ ቆሜ ስቀር አንድ ባለጋሪ አዘነልኝና ጭኖ ቤቴ አደረሰኝ። እማዬ በር ከፍታ እኔንም ጋሪውንም አየች።

«ኬሚስትሪ ነበር አይደል ያስተማርኩሽ?» አለች።

ሁለታችንም አፍንጫችንን አስረን፣ ቆዳው እንዳይበላሽ ከሐጂ የገዛሁትን ጨው በሙሉ ነሰነስንበት። እነሆ፣ ጨዉም ሥራ አገኘ፤ ከኔ ቀድሞ።

ሐጂ ይህን ሲሰሙ ሱቃቸው ውስጥ ከረጢት ላይ ተቀምጠው በሳቅ እንባቸው ወረደ። «ከእንግዲህ አፍሽን አትክፈቺ» አሉኝ። «ጻፊ። መጻፍ ትችያለሽ አይደል?»

መጻፍ! ምነው ቀድሞ ባሰብኩት! ከባዶ ካርቶኖቻቸው አንዱን ቀደድኩና (አዲስ ወረቀት እንደማልገዛ ታውቃላችሁ) በትልቁ ጻፍኩ። በአማርኛ፣ «ባዶ ዕቃ ይዛችሁ ኑ፤ ሳሙና እንቀዳለን» የሚለውን በቀኙ መዝጊያ ላይ ለጠፍኩ። በግራው መዝጊያ ላይ ያንኑ አሳጥሬ፣ «ኑ፤ በዕቃችሁ ውሰዱ» የሚለውን ብቻ በኦሮምኛ፣ በላቲን ፊደል፤ «ኑ»ንና «ውሰዱ»ን ጎረቤቶቼ ሲሉ እየሰማሁ ለምጃቸዋለሁ። ኦሮምኛ በላቲን ሲጻፍ ድምፁ ከረዘመ ፊደሉ ይደገማል። ቆዳኣ የምትረዝምበት ቦታ እንዳላት አውቃለሁ፤ የት ላይ እንደሆነ ግን አላስታወስኩም። ኢንተርኔት የለም። አደ ጫልቱን ደግሜ ልጠይቅ አሰብኩና፣ ሰዎች የቆዳውን ታሪክ ነግረዋቸው ይሆናል ብዬ አፈርኩ። ስለዚህ ድምፅዋን በገመትኩት ቦታ አስረዝሜ ጻፍኳት። ጽሑፌም ያምራል፤ ከሩቅ ይነበባል። ይህ ዓርብ ከሰዓት ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት እማዬ ቀሰቀሰችኝ። «ተነሺ፣ ተነሺ! መንገዱ ላይ ሕዝብ አለ!»

በመስኮት አየሁ። ሐጂ ሱቅ ደጃፍ ሰው ጢም ብሏል። ሁሉም፣ እመኑኝ ሁሉም፣ ባዶ ዕቃ ይዟል! ቢጫ ጀሪካን፣ ነጭ ጀሪካን፣ ባልዲ፣ የውሃ ጠርሙስ፣ ማሰሮ የያዙም አሉ። አንድ ባጃጅ ከዓለም ገና አቅጣጫ መጥቶ ጀሪካን የያዙ ሴቶች አራገፈ። እንባዬ መጣ። ይህ ሕዝብ ገብቶታል! የሳሙና ልብስ ዘመን አበቃ! ቀይ ክሬን በጉያዬ ይዤ፣ ነጠላዬን እንደነገሩ ጣል አድርጌ፣ በአንድ እግሬ የእማዬን ነጠላ ጫማ አጥልቄ እየበረርኩ ተሻገርኩ።

ስቀርብ ጨዋታውን ሰማሁ።

«ዘይት ነው የሚሉት።»

«ስኳር ነው እንጂ። ስኳር ባይሆን በሐጂ ሱቅ ይሰጣል?»

«የመሬት ካሳ ነው ተባልኩ እኮ!»

«ካሳ ከሆነ ጀሪካኑን ምን ልታደርገው ይዘህ መጣህ?»

«እንደ ብዛቱ ነዋ!»

አንዷ ስልክ ጆሮዋ ላይ ለጥፋ፣ «እህቴ፣ እናንተ ጋ ቡራዩ እንኳ ወሬው የለም፣ ሰበታ ነው የጀመሩት» ትላለች።

ምን መሆኑ ነው? ኦቦ ገመቹ ጀሪካናቸውን ተደግፈው ከፊት ቆመዋል። ሱቁ እንደ ልማዱ ግማሽ በር ብቻ ነበር። ቀኙ መዝጊያ ወደ ውጭ ተከፍቶ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል፤ የአማርኛ ጽሑፌም አብሮት ወደ ግድግዳው ዞሯል። የሚታየው ግራው ብቻ ነው።

«ኦቦ» አልኳቸው በሹክሹክታ፤ «እዚያ ላይ ምን ይላል?»

ኦቦ ገመቹ ጮክ ብለው አነበቡልኝ፦ «ኮታ! ቆኦዳ ኬሰን ፉደዳ!» ከዚያም ለኔ ዝቅ ብለው በአማርኛ፦ «ኑ! ድርሻችሁን ውሰዱ!»

ድርሻችሁን!

ቆዳኣ፣ መጨረሻዋ ሲረዝም፣ ዕቃ ናት። ቆኦዳ፣ መሀሏ ሲረዝም፣ ድርሻ ናት። እኔ መሀሏን አስረዘምኩ። «በዕቃችሁ ውሰዱ» ልል ፈልጌ፣ ስለ መሬት ድርሻ ሰው እንቅልፍ ባጣበት ሰሞን፣ መንገድ ዳር፣ በትልቁ፣ «ድርሻችሁን ውሰዱ» ብዬ ለጥፌያለሁ። ሰዉም የመንግሥት ዘይት የሚታደል መስሎት ጀሪካኑን ይዞ መጥቷል።

ሐጂ በግማሹ በር አንገታቸውን አውጥተው አዩኝ። ፊታቸው ነጭ ሆኗል። «ምንድን ነው የጻፍሽው?» አሉ። «ምንድን ነው የጻፍሽብኝ፣ ልጄ?»

ያኔ የፖሊስ ፒክአፕ መጣ።

ያን ሰሞን እዚያ የነበረ ሰው ያውቀዋል። ሕዝብ በተሰበሰበበት ፒክአፕ ሲቆም የሚሆነውን ጸጥታ መግለጽ አያስፈልግም። እናቶች ልጆቻቸውን ወደ ጉያቸው ሳቡ። ከኋላ ያሉት ቀስ እያሉ ወደ ኋላ ማፈግፈግ ጀመሩ። አንድ ፖሊስ ከመኪናው ወረደ፤ ጽሑፌን አየና ቆመ።

«ማነው የሰበሰባችሁ?» አለ። «የምን ድርሻ ነው?»

ወደ ሱቁ በር ዞረ።

«የሱቁ ባለቤት ማነው?»

ሐጂ ወጡ። ዓይናቸው ግን ወደ እኔ አልዞረም። ሊናገሩብኝ አልፈለጉም። በርሜሌን በደጃቸው ያስቀመጡልኝ ሰውዬ ለኔ ስህተት መኪና ላይ ሊወጡ ነው።

እጄን አወጣሁ፤ ክፍል ውስጥ እንደሚወጣው። ማንም አላየኝም። «እኔ ነኝ» አልኩ። ማንም አልሰማኝም። ፖሊሱ ሐጂን «ና እስቲ» አላቸው። ያኔ ከሆዴ ሥር፣ ለዓመታት ተጠራቅሞ የቆየ ነገር ወደ ላይ መጣ። ደጃፉ ላይ ያለ የለስላሳ ሳጥን ላይ ወጥቼ ቆምኩ፤ አፌን ከፈትኩ፤ ጉሮሮዬ ላይ በተራ ተሰልፎ ከሚጠብቀው ሁሉ ቀድሞ የወጣው፣

«ወራጅ አለ!»

ነበር።

እንዴት ያለ ድምፅ! ከመንገዱ ማዶ እማዬ «በስመ አብ!» ስትል ሰማኋት። መንገድ ላይ የነበረ ታክሲ በእውነት ቆመ። ሕዝቡ ዞሮ አየኝ፤ ፖሊሱም ዞሮ አየኝ። መጀመሪያ የሳቁት ኦቦ ገመቹ ናቸው፤ ሳቃቸው ከጀሪካን እንደሚፈስ ውሃ ድፍቅ ድፍቅ እያለ ወጣ፤ ከዚያ ሌላው ተከተለ።

ቃሏ ከወጣች በኋላ መንገዱ ተከፈተ። «ሐጂ ምንም አያውቁም! የጻፍኩት እኔ ነኝ!» አልኩ። «ድርሻ ማለቴ አይደለም! ዕቃ ማለቴ ነው! ቆዳኣ! ቆዳኣ ልጽፍ ነው ቆኦዳ የጻፍኩት! ዘይት የለም፣ ስኳር የለም፣ ሳሙና ነው ያለው! በዕቃችሁ እቀዳላችኋለሁ!» ሮጬ ቀኙን መዝጊያ ገልብጬ የአማርኛውን አሳየሁ።

«ይቺ እኮ ያቺ ባለቆዳዋ ናት!» አለች አንዷ ከመሀል። «ትናንት የበጌን ቆዳ የወሰደችው!»

«ሳሙናዬስ?» አለች ሌላዋ። ሳቁ ባሰ።

ፖሊሱ አልሳቀም። ወደ በርሜሉ ሄደ፤ ቧንቧውን ከፍቶ እጁ ላይ ጠብ አደረገ፤ አሸተተ፤ አሻሸ። አረፋ ሆነ። ከዚያ በጉያዬ ያለውን ጥቅል አየ።

«ይሄ ቀይ ክርስ? የምን ምልክት ነው?»

«ሽሮ እንዳይሠራበት ነው» አልኩት።

ክሩን ሳብ አድርጎ አገላበጠው። እኔም ስናገረው እንዴት እንደሚሰማ ያኔ ነው የገባኝ። እማዬ መንገዱን ተሻግራ መጥታ፣ «እውነቷን ነው ልጄ፣ እኔ ሠርቼበት ነው፤ አረፋ በላን» ብላ እንደ ምስክር ቆመችልኝ። ፖሊሱ እማዬን አየ፣ እኔን አየ፣ አረፋ የሆነ እጁን አየ። ፊቱ ላይ አንድ ነገር ተፈታ። ለካ እሱም ወጣት ነው። ፒክአፑ ውስጥ ካለው ጓደኛው ባዶ የውሃ ጠርሙስ ተቀበለና ዘረጋልኝ።

«እኔስ ድርሻ የለኝም?» አለ።

ቀዳሁለት፤ አንገቱ ላይ ቀይ ክር አሰርኩለት። «ሰልፍ ያዙ፣ መንገድ አትዝጉ» ብሎ ሄደ። ሕዝቡም በእርግጥ ሰልፍ ያዘ። ባዶ ዕቃውን ይዞ ዘይት ሊቀበል የመጣ ሕዝብ፣ ዘይት ባያገኝ ባዶውን አይመለስማ! ቡራዩ ካለችው እህቷ ጋር ስታወራ የነበረችው ስልኳን ትከሻዋና ጆሮዋ መሀል አድርጋ፣ «ሳሙና ነው፣ አዎ፣ አረፋ ይሠራል» እያለች ሁለት ጀሪካን አስሞላች። «ካሳ ነው» ያለው ሰው «ይኸውና ካሳዬ» እያለ አንድ ባልዲ ተሸክሞ ሄደ። ለቆዳዎቹ ባለቤቶችም እንደ ቃሌ ቀዳሁ። ፀሐይዋ ከመክረሯ በፊት በርሜሉ ጠብ የማይል ሆነ። በዚያ ሁሉ ሳሙና ውስጥ አንዲት አዲስ ጠርሙስ፣ አንዲት ላስቲክ አልነበረችም! ከሹራቤ ግን እጅጌው አልቋል።

ሰዉ ሲበተን ሐጂ ባዶውን በርሜል ዞር ዞር ብለው አዩት። ግርግር መጥቷል፤ እሳቸውም ቃላቸውን ነግረውኛል።

«አንሺው» አሉ።

«እሺ ሐጂ» አልኩ፤ ድምፄ ተመልሶ ጉሮሮዬ ገባ።

«አንሺውና ሞልተሽ አምጪው። ምን ያቆምሻል?»

እማዬን አየኋት። «ለአክስትሽ እኔ እደውልላታለሁ» አለች። መሬት ላይ ከወደቁት የጀሪካን ክዳኖች አንዷን አንሥታ በቀሚሷ ጠረገችና ኪሷ ከተተቻት።

በርሜሉን ከማንሳቴ በፊት ግን አንድ ሥራ ነበረኝ። ማርከሬን ይዤ ወደ ግራው መዝጊያ ሄድኩ። መሀሏን ላሳጥር፣ መጨረሻዋን ላስረዝም፣ ጥንቁቅ ሰው እንደሚያደርገው። ኦቦ ገመቹ የሞላ ጀሪካናቸውን ከመዝጊያው ፊት አስቀምጠው መንገዴን ዘጉ።

«ምን ልትሠሪ ነው?»

«ስህተቱን ላርም ነው፣ ኦቦ።»

«ተዪው።»

«ግን እኮ ድርሻችሁን ውሰዱ ነው የሚለው።»

«የሚለውን አውቃለሁ፤ ያነበብኩልሽ እኔ ነኝ።» ወደ ኋላ፣ ወደ እርሻቸው አቅጣጫ አንዴ ዞር ብለው አዩ። «በዚህ አገር ግድግዳ ላይ ስንት ማስታወቂያ አነበብኩ፣ ኢንታለ ኮ። አምጡ የሚል አለ። ልቀቁ የሚል አለ። ውሰዱ የሚል ያንቺ የመጀመሪያዬ ነው። ይቆይ እስቲ።»

ሐጂን አየኋቸው። ሐጂ መንገዱን ወደ ላይ አዩ፣ ወደ ታች አዩ። «ይቆይ» አሉ። ከዚያ በጣም ዝቅ ብለው፣ «ግን፣ ልጄ...» አሉ።

ገባኝ። ማርከሬን ከፈትኩና ከሥሩ፣ በትንሹ፣ «ሳሙና» ብዬ ጨመርኩበት። በአማርኛ ፊደል ነው የጻፍኩት፤ የሚያስረዝሙት ነገር የለውም።